የአስካለ ሱቅ፣ የእኔ ፊርማ

ከአዲስ አበባ በወጣንበት ምሽት፣ ሰዓት እላፊው ሳይደርስ፣ እኔ ዲፕሎማዬን ብብቴ ውስጥ ስሸጉጥ ባለቤቴ አስካለ የስፌት መኪናዋን ራስ ነቅላ በጋቢዬ ትጠቀልላለች።

«ሴትዮ፣ ሰው ነፍሱን ይዞ ይወጣል እንጂ ብረት ይሸከማል?»

«ነፍስህንስ ምን ልታበላት አስበሃል?»

ብረቱን ተሸከምኩት። እግሩን፣ ያንን የሚረገጠውን ብረት፣ ለታናሽ እህቴ ለዘነበች ትተንላት ወጣን። ራሱ ግን እስከ ሱዳን ድረስ በጀርባዬ ነው የመጣው። ዛሬም ወገቤን ሲያመኝ «የጀግንነት ቁስል ነው» እላለሁ። ዲፕሎማዬማ፣ እግዜር ይስጠው፣ ለንደን እንደገባን ሰሃን አጣቢ አደረገኝ።

የዚህ አገር ዝናብ እንደኛው ወርዶ ወርዶ አይወጣለትም፤ እንደ ነገረኛ ጎረቤት ቀኑን ሙሉ ሲያንጎራጉር ይውላል። አስካለ ግን ለዝናብ ጊዜ አልነበራትም። መኪናዋን አሮጌ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ፣ የእጅ ማዞሪያ አስገጥማ ለጎረቤት ስትሰፋ ቆየችና ኪልበርን በሚባል የለንደን ሰፈር ውስጥ ባዶ ሱቅ አየች። አከራዩ ግን የሚያየው እኔን ብቻ ነው።

«ባልሽ ይፈርም» አላት።

«ሰፊዋ እኔ ነኝ።»

«ይሁን፣ እሱ ይፈርም። ወንድ ሲይዘው ንግዱ ይጸናል።»

ይህን መርካቶ ሄዶ ቢናገር ባለጨርቆቹ ሴቶች በሜትራቸው ያባርሩት ነበር። «የሠለጠነ አገር የተባለው ይሄ ነው?» አልኩ፣ በልቤ። በአፌማ «የስ ሰር!» ብዬ ፈረምኩ። ነጋዴ መባሉ ጣፍጦኝ ነበር፣ ምን ልዋሽ።

አስካለ አልተቆጣችም። ቁልፉን እጄ ላይ አኖረችና «ሱቁ ያንተ ነው፣ ስፋበት» ብላኝ ወደ ቤቷ ሄደች።

ሰኞ ጠዋት ብቻዬን መኪናዋ ፊት ተሰየምኩ። የመጀመሪያው ደንበኛ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አከራዩ! ሱሪ ሊያሳጥር። አልችልም ማለት አፈርኩና ቆረጥኩ፣ ሰፋሁ። በማግስቱ ለብሶት ሲቆም አንዱ እግር ጫማው ላይ ደርሷል፣ ሌላው ጉልበቱን ሊያሳይ ምንም አልቀረው።

«ሰውዬ፣ በእርግጥ ሰፊ ነህ?»

«ወረቀቱ ላይ ነኝ» አልኩት።

እንዳለ፣ በዚያው ሱሪ፣ ቤታችን ድረስ ተከተለኝ። አስካለ ከላይ እስከ ታች አየችው። ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣

«ይስተካከላል። መጀመሪያ ግን ወረቀቱ ይስተካከል» አለችው።

አዲስ ውል ተጻፈ፤ አስካለ ደምሴ። «የባልሽ ስም የት ሄደ?» ሲላት «ባሌ ጋ» አለችው። እኛ ዘንድ ሴት የአባቷን ስም ይዛ እንደምትኖር እስኪገባው ድረስ፣ እሷ እኔ የጣልኩትን ቁራጭ መልሳ ቀጥላለት ነበር። ስፌቱን ፈልጎ አጣው። ከዚያ ወዲህ ዘመዶቹን ሁሉ ይልክልናል፣ ይባረክ።

አሁን እዚያው ሱቅ አዝራር እተክላለሁ። መቀስ ተከልክያለሁ። ባለፈው ዳቦ ቤት ልትከፍት ያሰበች አይሪሽ ጎረቤታችን ባንኩ «ባልሽን አምጪ» ብሏት እያለቀሰች መጣች። አስካለ ሻይ ቀዳችላትና ወደኔ ጠቆመቻት፤ «ባል ሲፈርም የሚመጣውን እዪው!» ሴትዮዋ እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች። በማግስቱ ሁለቱ አብረው ባንክ ሄዱ። እኔ ሱቅ ጠበቅሁ። ተመስገን ነው፤ ከሳቁብኝ የጠገብኩት ይበልጣል።

እሁድ ለዘነበች ደወልኩላት።

«ጋሼ፣ አሁን ሥራህ ምንድን ነው?»

«የሚስቴ ተቀጣሪ ነኝ።»

«ኧረ ቀስ በል፣ ሰው ይሰማሃል!» ብላ ሳቀች። «የመኪናውን እግር በየሳምንቱ ዘይት እቀባዋለሁ። መስኮቱ ሥር ነው ያለው። ራሱ መቼ ነው የሚመጣው?»

«አይሰማም፣ መስመሩ አይሰማም» አልኳት።

ሰምቻታለሁ።