ዘጠኙ ሴቶች የት ገቡ?

ነጅዋ ሐመድ ሐኪም አይደለችም። ወድ መደኒ ከተማ፣ አንድ ሆስፒታል ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታለች። ስለ ካንሰር የተጻፈ አዲስ ጥናት በመጽሔት ታትሞ በመጣ ቁጥር አንብባ፣ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው የሱዳን ካርታ ስፒል ትሰካለች፦ ቀይ ለጡት፣ ሰማያዊ ለጉሮሮ፣ ጥቁር ለደም። ከስፒሉ ሥር ትንሽ ወረቀት አለ፤ ከተማው፣ ዓመቱ፣ የታማሚው ብዛት። ተመራማሪዎቹ የትኛውን ካንሰር ትተው ወደ የትኛው እንደዞሩ ከሐኪሞቹ ቀድማ የምታውቀው እሷ ነበረች። የተበጣጠሱ መጽሔቶችን የሚጠርዝላት፣ ሁሉም «ዐም»፣ አጎት፣ የሚለው ሽማግሌው ከራር፣ «አንቺ ልጅ፣ አገሩን ወጋግተሽ ጨረስሽው እኮ፤ ክትባት ነው?» ይላታል።

ታጣቂዎች ከተማዋን በያዙ በሦስተኛው ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ አምስት ሆነው በሩን ገንጥለው ገቡ። የመጡት መድኃኒት ሊዘርፉ ነበር። ካርታውን ሲያዩ ቆሙ።

«ጀናብ፣ ና እይ! ኮስቲ ስልሳ ሦስት፣ ሲንጃ ሃያ ስምንት። የጦሩ ቁጥር ነው!»

ጀናብ የሚሉት አዛዣቸው ጥግ ካለው መጠረዣ የተነሳውን ከራርን አፉ ላይ በሰደፍ መታው። ሽማግሌው ሁለት ጥርስ ከደም ጋር ተፋ።

«በሽተኞች ናቸው!» አለች ነጅዋ። «ሁሉም ከታተመ ጥናት የተቀዳ ነው።»

«እሺ፣ ያ ሲት፣ እመቤቴ።» አዛዡ ሽጉጡን የከራር ጆሮ ግንድ ላይ ደገነ። «እኔ ስፒል እነቅላለሁ፣ አንቺ ጥናቱን ታመጫለሽ። ቁጥሩ ካልገጠመ ሽማግሌሽን ተሰናበቺው።»

ኮስቲን ነቀለ። ሮጣ አመጣች። ዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ያቋረጠ አንድ ታጣቂ ገጹን አገላበጠ። «ስልሳ ሦስት ሴቶች ይላል፣ ጀናብ።»

ሲንጃን ነቀለ። መጽሔቱ መደርደሪያው ላይ የለም።

«የት አለ?»

ነጅዋ የጎን መደርደሪያዎቹን አገላበጠች። አንደኛው ታጣቂ የከራርን ቀኝ እጅ ጠረጴዛ ላይ አንጥፎ በሰደፍ ወቀጠው። ጣቶቹ አንድ በአንድ ሲሰበሩ ተሰማ። ሽማግሌው እየጮኸ በአገጩ ወደ መጠረዣው አመለከተ፤ መጽሔቱ ሙጫው እስኪደርቅ እዚያ ተጭኗል። ሃያ ስምንት። ገጠመ።

ሦስተኛው ገዳሪፍ ነበር። ወረቀቱ መቶ አሥራ ሁለት ይላል። ታጣቂው ገጹን አነበበ፣ ደግሞ አነበበ።

«መቶ ሃያ አንድ ሴቶች።»

ነጅዋ ነጥቃ አየችው። እውነት ነው። ስትቀዳ 121ን 112 ብላ የመጨረሻዎቹን ሁለት አኃዞች አቀያይራቸዋለች።

«ዘጠኙ ሴቶች የት ገቡ?» አለ አዛዡ።

«ተሳስቼ ነው! ጥፋቱ የኔ ነው፣ እኔን ግደለኝ!»

ከራር በተሰነጠቀ ከንፈሩ፣ «ጀናብ፣» አለ፤ «ቁጥር የማትችል ሰላይ አይተህ ታውቃለህ?»

ታጣቂዎቹ ሳቁ። አዛዡ አልሳቀም። ተኮሰ።

ካርታውንም በጥይት በሳስተውት ወጡ።

ነጅዋ የሽማግሌውን ዓይን ከደነች፤ በመጠረዣ ጨርቅ ገነዘችው። ከዚያ የገዳሪፍን ወረቀት አነሳችና መቶ አሥራ ሁለትን ሰርዛ መቶ ሃያ አንድ ጻፈች። የሚቀብሩት ሰዎች እስኪመጡ ድረስ አጠገቡ ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ የቀሩትን ወረቀቶች በሙሉ ከመጽሔቶቹ ጋር አመሳከረች።

ሌላ ስሕተት አላገኘችም።