ጉሌድ የዘጋቸው ቅስቶች

«ሰባ አራት ነበር» ትላለች ወይንሸት። ወዲያው ደግሞ «ኧረ ሰባ አምስት ሳይሆን አይቀርም፤ ጓድ ሣህሉ ተሹሞ የመጣው መቼ ነበር?» ብላ ራሷን ትጠይቃለች። ዓመቱ ይምታታባት እንጂ ጉሌድን አልረሳችውም።

ጉሌድ፣ በአክብሮት አው ጉሌድ የሚሉት፣ የመጋላ ሰፈር ግንበኛ ነበር። የአሮጌውን የከተማ አዳራሽ በረንዳ የተሸከሙት የድንጋይ ቅስቶች የአባቱ እጅ ሥራ ናቸው። ከቀፊራ ገበያ የሚመለስ ሰው ዘንቢሉን አውርዶ ላቡን የሚጠርገው እዚያ ጥላ ሥር ነበር። አዲሱ የከተማው ሹም ጓድ ሣህሉ ግን ቢሮ ጠበበኝ ብሎ በረንዳው በብሎኬት እንዲዘጋ አዘዘ። ሥራው ለጉሌድ ደረሰ።

«አባትህ የከፈቱትን አንተ ልትደፍነው?» ብለው የሰፈሩ ሰዎች በነገር ወጉት።

«አቦ ተዉኛ! ልጆቼ ቅስት አይበሉም» አለና ብሎኬቱን መደርደር ቀጠለ።

ተቆጣጣሪዋ ወይንሸት ነበረች፤ ከኮሌጅ ከወጣች ገና ዓመት አልሞላትም። አንድ ቀን፣ ከተማው ከምሳ በኋላ በሙቀቱ ተኝቶ ሳለ፣ ቀረብ ብላ ግንቡን አየች። ደንቡ አሮጌው ድንጋይ ተፈልፍሎ አዲሱ እንዲያያዝበት ነው። ጉሌድ ግን ድንጋዩን በመሮ አልነካውም። በቅስቱና በብሎኬቱ መካከል ስሚንቶ የለም፤ ጭቃ በኖራ ለውሶ ጠቅጥቆበት በስስ ልስን ሸፍኖታል። በጥፍሯ ስትጭረው ተፈረፈረ። ግንቡ በራሱ ክብደት ይቆማል፤ አንድ ቀን የሚያፈርሰው ቢገኝ ግን ብሎኬቱ ይነሳል እንጂ ቅስቱ አይቧጠጥም።

ገባት፤ የገባት ነገርም አስፈራት። በዚያ ዘመን የዚህ ስሙ አሻጥር ነው። ጦርነቱ ገና ባልተረሳበት ከተማ፣ በአሻጥር የተጠረጠረ ሶማሌ ግንበኛ የት እንደሚወሰድ አላጣችውም።

ወዲያው ጓድ ሣህሉ መጣ። ግንቡን በጡጫው መታ መታ አደረገና «እንዴት ነው ጓድ ወይንሸት፣ ይዟል?» አላት።

ጉሌድ ጀርባውን ሰጥቶ አሸዋ የሚነፋ መሰለ። ወንፊቱ ግን አልተንቀሳቀሰም።

«ይዟል» አለች። «ከአሮጌው ጋር አንድ ሆኗል።»

«የተማረ ሰው ካለ አለቀ!» ብሎ እየሳቀ ሄደ።

ጉሌድ ዞር አለ። «ዋላሂ፣ ውሸት አልለመድሽም። ጆሮሽ ቀላ።»

«አንተስ፣ አው ጉሌድ፣ ምን አስበህ...» ስትል የሣህሉ ሹፌር ብቅ አለ። ጉሌድ ወደ ወንፊቱ ተመለሰ።

ቅስቶቹን ማን መጥቶ እንዲከፍታቸው እንዳሰበ ልትጠይቀው ቆርጣ ሰኞ በጠዋት መጣች። ልስኑን የሚጨርሰው ሌላ ሰው ነበር።

«ጉሌድስ?»

«ቅዳሜ በባቡር ወደ ድንበሩ፣ ወደ አይሻ ወጣ» አላት ሰውየው። «ሚስቱንም ልጆቹንም ይዞ።»