ጀርሙን ቀድመው የሚበሉልን

ሰፈሩ «ማጣሪያዋ» ይላታል። ስሙ ከሥራዋ የመጣ ነው፤ በከተማው የውሃ ማጣሪያ ጣቢያ ሁለቱን የአሸዋ ገንዳዎች የምትጠብቀው እሷ ናት። ጎረቤቶቿ ግን «ወሬም በእሷ በኩል ሲያልፍ ጠርቶ ነው የሚወጣው» እያሉ ይቀልዱባታል። እሷም ትስቃለች፤ ስትስቅ ግቢው ሁሉ ይሰማል።

የወንዙ ውሃ ገንዳው ላይ ይተኛና በአሸዋው ውስጥ ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል። የሚያጠራው ታዲያ አሸዋው ብቻ አይደለም። አሸዋው ላይ የሚያድግ ዝልግልግ ቡናማ ሽፋን አለ፤ ለማያውቀው ሰው ታጥቦ የሚጣል እድፍ ነው። እዚያ ውስጥ ለቁጥር የሚታክቱ ደቂቅ ፍጥረታት ይኖራሉ። የአብዛኞቹ መላ አካል አንዲት ሕዋስ ናት። እጅ የላቸው፣ ዓይን የላቸው፤ ግን ይበላሉ፣ ይራባሉ፣ ሰው የሚያሳምመውን ጀርም እየለቀሙ ይውጣሉ። «ልጆቼ» ትላቸዋለች በኩራት። የወለደቻት አንዲት ልጇ በዚህ ስትቀና ነው ያደገችው።

የልጅቷ ሠርግ ሲቃረብ ወንዙ ሞልቶ ጭቃ አመጣና አንደኛው ገንዳ ተደፈነ። ሽፋኑ ተገፎ ተጣለ፤ አዲሱ እስኪይዝ መጠበቅ ግድ ሆነ። የቀረው ገንዳ ታችኛውን ሰፈር እንጂ ላይኛውን አያዳርስም። ድግሱ ደግሞ ላይኛው ሰፈር፣ ሙሽራው ቤት ነው። የተገፈፈው ገንዳ ውሃ ለዓይን ኩልል ያለ ነው፤ ውሃውን የሚለቀው ቫልቭም ያለው በእናቷ እጅ ነው።

«እማዬ፣ ለአንድ ቀን ብቻ ክፈችው» አለች ልጇ።

«ሽፋኑ ገና አልያዘም። እንግዶችሽን ቁርጠት ልጋብዝልሽ?»

«ድሮም ከእኔ እነዚያ ልጆችሽ ይበልጡብሻል!»

ቃሉ አጥንቷ ድረስ ገባ። ልጅቷ በሩን ጓ አድርጋ ዘግታው ወጣች፤ ከዚያ በኋላ ኩርፊያ ሆነ።

በማግስቱ የሙሽራው እናት ራሷ ጣቢያው ድረስ መጣች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ምላሷ ከመቀሷ ይብሳል ይባላል።

«እህቴ፣ ድስቱን በምን ልጠብ? በምራቄ?»

«መጀመሪያ አረፍ ይበሉ» አለቻትና ከደህናው ገንዳ ሽፋን ቆንጥራ ማይክሮስኮፑ ሥር አደረገች።

ልብስ ሰፊዋ መርፌ ላይ ክር ስታስገባ እንደምታደርገው አንድ ዓይኗን ጨፈነች። ወዲያው ብድግ አለች።

«ኧረ ጉድ! ይሄ ጫማ የሚመስለው ወዴት ነው የሚሮጠው? ይሄን ነው ስጠጣ የኖርኩት?»

«ኧረ እነሱ ናቸው ጀርሙን ቀድመው የሚበሉልዎ! ዛፍ ሳይኖር፣ ዓሣ ሳይኖር፣ ሰው ሳይታሰብ ምድርን የያዙት እንዲህ ያሉት ናቸው። የምንተነፍሰውን አየር እንኳ መጀመሪያ ያሰናዱልን እነሱ ናቸው። እኛ ኋላ የመጣን እንግዶች ነን።» ቀጥላ ከተገፈፈው ገንዳ የወሰደችውን አቀረበችላት። «አሁን ደግሞ ይሄን ይዩ።»

ልብስ ሰፊዋ አጎንብሳ ብዙ ፈለገች። «ባዶ ቤት ነው» አለች በመጨረሻ።

«ገና እየገቡ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ?»

ልብስ ሰፊዋ ቦርሳዋን አነሳች። «እኔም ግማሹ የተሰፋ ልብስ ለደንበኛ ሰጥቼ አላውቅም። በይ እንዳትከፍችው!»

ድግሱ ከታችኛው ሰፈር በጀሪካን በተጋዘ ውሃ ተሰናዳ። ያስጋዘችው ልብስ ሰፊዋ ናት፤ ያጉረመረመውን ሁሉ ስለሚሮጠው ጫማ እያወራች አፉን አስያዘችው። ከእንግዳው ሆዱን ያመመው አልነበረም። ሙሽራዋ ግን እናቷን የሳመቻት ለወጉ ያህል ነበር።

ገንዳው ሽፋኑን ያዘ፤ ናሙናውም ከላቦራቶሪ «ንጹሕ» ተብሎ ተመለሰ። ማጣሪያዋ ቫልቩን ልትከፍት ስትወርድ ልጇ ብርጭቆ ይዛ ቆማለች።

«ዛሬ እንደሚከፈት ማን ነገረሽ?»

«አማቴ። በማይክሮስኮፑም ሳላይ እንዳልመለስ ብላኛለች። አሁን አይቼ መምጣቴ ነው።»

እናት ቫልቩን አዞረች። ልጅቷ ከመቅጃው ቧንቧ ብርጭቆውን ሞላች።

«ቆይ፣ መጀመሪያ እኔ ልቅመስልሽ» አለች እናት፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንዳስለመደቻት።

«ተይው እማዬ» አለች ልጅቷ። «ወንድሞቼ ቀምሰውልኛል።»

ብርጭቆውንም አንድ ጠብታ ሳታስቀር ጨለጠችው።