አልሳሳትም ያለ አያት

ነገሩ የአራት ሰው ነው። እኔ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ዲፕስሉት ሰፈር ውስጥ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆሜ የምሸጥ ባለሱቅ፤ ባለቤቴ፤ ሴት ልጃችን፣ አይስላንዳዊ አግብታ አይስላንድ የቀረች፤ የእሷም ልጅ፣ አምስት ዓመቱ፣ ከአባቱ ቋንቋ ሌላ የማይናገር።

ትምህርት ቤት ብዙ አልሄድኩም። እንግሊዝኛን ያገኘሁት ከመዝገበ ቃላት ነው። አይስላንድኛንም ራሴ እማራለሁ ብዬ መጽሐፍ አስመጣሁ። ቀላል ነገር አለው፤ ሲናገሩት የድምፁ ጫና ሁልጊዜ የሚያርፈው የቃሉ መጀመሪያ ላይ ነው። «ፈረሱ» ለማለትም እንደ እኛው ከቃሉ ኋላ ድምፅ ይቀጥላሉ። የሚያስቸግረው ስሙ ራሱ መለዋወጡ ነው። ፈረስ ሲሮጥ ሄስቱር ነው፤ ስታየው ሄስት፣ ስትሰጠው ሄስቲ፣ ጭራው የእሱ መሆኑን ስትናገር ሄስትስ። ገበያ ሲቀዘቅዝ ምላሴን በጥርሶቼ መካከል አድርጌ እለማመዳለሁ። አንዷ ደንበኛዬ «ባባ፣ ጥርስህን አመመህ?» ብላኛለች።

አጥርቼ እስክናገር ድረስ ስልኩ ፊት አልቀርብም አልኩ። ባለቤቴ ግን በሦስት ቃል ገባችበት። ልጁ በቪዲዮ ይስቅባታል፣ ያርማታል፣ እሷም መልሳ ትሳሳታለች። «አማ» ነው የሚላት፤ አያቴ ማለቱ ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ ዙሉን የተማርከው እየተሳቀብህ አይደለም እንዴ?» አለችኝ።

«እሱ ለዳቦ ነው። የልጅ ልጁ የሚስቅበት አያት ነገ ምን ብሎ ይመክራል?»

«መጀመሪያ መካሪውን ይወቀው።»

ልጅ ታላቁን ማክበር አለበት፤ ዛሬም ይህንኑ እላለሁ። ግን የማያውቁትን ማክበር እንደማይቻል መጽሐፉ አልነገረኝም። ብዙ ወራት ካለፉ በኋላ አንድ እሑድ ስልኩን ተቀበልኩና እንከን የሌለባት ዐረፍተ ነገር ተናገርኩ፦ አያትህ ነኝ። ልጁ አየኝና ከእናቱ ጀርባ ገባ። አንድ ነገር አንሾካሾከላት።

«ምን አለ?»

«ይቅርብህ አባዬ።»

«ንገሪኝ።»

«ይሄ ሰውዬ ለአማ ምኗ ነው? ነው የሚለው።»

የተዘጋጀሁት ለአንዲቷ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነበር። ባለቤቴ ስልኩን ወሰደችልኝ።

በዚያው ሳምንት፣ ልጁ ይምጣና ሱቅ ውስጥ አብሮኝ ይዋል፣ መሳቅ ካማረውም ይሳቅ አልኩ። ልጄ ተጨማሪ ፈረቃ ገባች፣ ባሏ መኪናውን ማሠራቱን ተወ፣ ባለቤቴ ከዕቁቧ፣ እኔ ከዕቃ መግዣዬ አወጣን። ለእናትና ልጅ የደርሶ መልስ ትኬት በአርባ ስድስት ሺህ ራንድ ቆረጥን።