ሳጥን የሆኑ ቀመሮች

ትናንት የእህቴ ልጅ ላፕቶፗ ላይ የዩኒቨርሲቲ የቤት ሥራዋን ስትሠራ ከአጠገቧ ተቀምጬ ነበር። በአንድ መስመር ትእዛዝ ረጅም ክፍልፋይ ከነስኩዌር ሩቱ ቁልጭ አድርጋ አወጣችው። «ጋሼ፣ ምን ሆንክ?» አለችኝ። ሳላስበው ጣቴን ስክሪኑ ላይ ቀመሩ ላይ አሳርፌ ነበር።

ከሚሌኒየሙ በዓል ጥቂት ዓመት በኋላ ደብረ ማርቆስ ውስጥ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነበረኝ። ሃያ አምስት ዓመት አልሞላኝም፤ የማላውቀው ያለ አይመስለኝም ነበር። የኔታ አለነ ሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው ደብረ ወርቅ ቅኔ ስለተማሩ ከተማው መምህር ሳይሆን የኔታ ይላቸዋል። ጡረታ እንደወጡ በአማርኛ የጻፉትን የሒሳብ መጽሐፍ፣ አራት ደብተር፣ በፌስታል ይዘውልኝ መጡ። ዓይናቸው በግላኮማ እየጠፋ ነበር።

«ሳይጨልምብኝ ታትሞ ልየው» አሉኝ።

ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ጓደኛዬ ላቴክ የሚባለውን ሶፍትዌር መከረኝ። «ምልክቱን ሁሉ በትእዛዝ ነው የምትጽፈው። ለመልመድ ሦስት ወር ይፈጅብሃል፤ አማርኛውም ያስለፋሃል። ግን የትም ወስደህ ብታሳትመው አይበላሽብህም።»

ሳቅኩበት። እኔ በለመድኩት ፕሮግራም ምልክቱን በማውዝ እየመረጥኩ እዚያው ስክሪኑ ላይ አየዋለሁ። «የኔታ ሦስት ወር የላቸውም» አልኩት። ስንፍናዬን በእሳቸው ዓይን ሸፈንኩት።

ያን ክረምት የኔታ የገብስ ቆሎ በኪሳቸው ይዘው፣ ጭቃውን በምርኩዝ እየፈተኑ በየቀኑ ይመጡ ነበር። እርማቱ እንደ ቅኔ ቤት ነው፤ እኔ አነባለሁ፣ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። ስሳሳት በምርኩዙ ወለሉን መታ ያደርጋሉ። መብራት ሲጠፋ ቆሎውን እየቆረጠምን ዝናቡን እናዳምጣለን። እንደዚያ ደስ ያለኝ ክረምት አልነበረም።

ሥራውን አዲስ አበባ ወስጄ የሰጠሁት ማተሚያ ቤት ናሙና አሳይቶኝ ነበር። ሽፋኑንና መግቢያውን አይቼ፣ ለመስቀል አገር ቤት ለመድረስ ቸኩዬ ፈረምኩ። በጥቅምት ካርቶኑን ስከፍት ቀመር በነበረበት ቦታ ሁሉ ባዶ ሳጥን ታትሟል። እዚያ ያለው ኮምፒውተር የእኔን ፕሮግራም ቀመሮች አላወቃቸውም።

የኔታ ያኔ ጨርሶ አያዩም። መጽሐፉን ዳበሱት፣ አሸተቱት። «እስቲ ገጽ አርባን አንብብልኝ።»

ባዶውን ሳጥን እያየሁ ቀመሩን በቃሌ አነበብኩላቸው። ምርኩዙ አልተንቀሳቀሰም።

«አንድም አልጎደለ» አሉ፤ ፊታቸው በራ። በማግስቱ መጽሐፉን ራሳቸው ይዘው ለድሮ ተማሪዎቻቸው አደሉ።

የሳጥኑን ነገር የነገራቸው ከተማሪዎቹ አንዱ ነው፤ እኔ አይደለሁም። ይቅርታ ልጠይቅ ስሄድ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«ያን ዕለት ብትነግረኝ» አሉ፣ «እኔ በቃሌ እያልኩልህ፣ አንተ ሳጥኑን በእስክሪብቶ ትሞላው ነበር። መጽሐፍ ድሮስ በእጅ አይደል የሚጻፈው? አሁን ሰው እጅ ገብቶ ተሳቀብኝ።»

ከዚያ በኋላ ቤቴ አልመጡም። ዓመት ሳይሞላ አረፉ።

ደብተሮቹ አሁንም ቁም ሣጥኔ ውስጥ አሉ። ትናንት ይህን ሁሉ ስነግራት የእህቴ ልጅ አዘነች። «አምጣቸው ጋሼ፣ በአንድ ወር እጽፋቸዋለሁ» አለችኝ።

እሷ ትችላለች። ማን ዓይኑን ጨፍኖ ያርመዋል?