ሰው የማይዋሳት መኪና

ባለፈው ሳምንት ማለዳ አንድ ባላገር የግቢያችንን በር አንኳኳ። ከጋፋት በኩል በእግሩ የመጣ፣ ጤዛው ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ያራሰበት ጎልማሳ ነው። ስከፍትለት ጥቁር መልበሴን እንኳ ልብ አላለም፤ ዓይኑ በትከሻዬ አልፎ ጥግ ወደቆመችው ፒክአፕ ሄደ።

«እንዴት አደሩ እትዬ? ጋሽ ጌታነህ አሉ? መኪናዋን ላስቸግራቸው ነበር።»

ነገርኩት። ክረምቱ ሊወጣ ሲል እንዳረፈ፣ አርባውም እንዳለፈ ነገርኩት። ሰውየው እዚያው በሩ ላይ ቁጢጥ ብሎ በጋቢው ፊቱን ሸፈነ። አስገብቼ አስቀመጥኩት። ለቅሶው ሲበርድለት፣ «እሳቸው እኮ እምቢን የማያውቁ ሰው ነበሩ» አለኝ።

ይህን ብዙ ሰው ብሎኛል። በቀብሩ ዕለት ካህኑም ብለውታል፤ የእድሩ ዳኛም ደግሞታል። አንገቴን ደፍቼ እሰማለሁ እንጂ አላርማቸውም። ጌታነህ እምቢን ያውቅ ነበር። ገና ወጣቶች ሳለን፣ በእሱ ፈንታ እምቢ የምትልለት መኪና ፍለጋ አንበሳሜ ድረስ ሄዷል። አብሬው ነበርኩ።

ያኔ ከተጋባን ዓመት አልሞላንም። እሱ የጂኦግራፊ መምህር ነበር፤ እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፕ እመታለሁ። የምንኖረው እናቱ ግቢ ውስጥ ነው። እማይ፣ እናቱን ሁላችንም የምንጠራቸው እንዲህ ነው፣ ባላቸውን በሞት ያጡ ሴት ናቸው፤ ጌታነህ ደግሞ የመጨረሻ ልጃቸው ነው። ስለዚህ ጎጆ ውጡ የሚለን አልነበረም፤ እኛም አልጠየቅንም። ቤቱ ከዓመት እስከ ዓመት እንግዳ አያጣም። ፍርድ ቤት ቀጠሮ ያለበት ዘመድ ይመጣል፤ በሽተኛ ሊያስታምም የመጣ ያድራል፤ የአክስት ልጅ ለትምህርት ይመጣና ዓመቱን ይከርማል። የእኛ አልጋ ከመጋረጃ ጀርባ ነበር። ለባሌ አንድ ቃል ሹክ ብል ከመጋረጃው ወዲያ «ምን አልሽ?» የሚለኝ አላጣም።

ብቻችንን የምንሆንባት አንዲት ቦታ ነበረችን። እሷም ሞተር የሌላት ቮልስ ነበረች።

ወደ ሌላ አገር የተዛወረ የእንስሳት ሐኪም ነው ትቷት የሄደው። ጎማዎቿ ወልቀው፣ ከከብቶቹ በረት አጠገብ በቆርቆሮ ዳስ ሥር፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ጌታነህ ለመኪና ያበደ ሰው ነበር። ሌሎቹ መምህራን ከሥራ ሲወጡ ጠላ ቤት ይገባሉ፤ እሱ ቮልሷ ሥር ይገባል። ፍሬኗን ፈቶ ያጥባል፤ ኮፋኖዋን በአሸዋ ወረቀት ይፈትጋል፤ እጁን በነጭ ጋዝ ታጥቦ እራት ይቀርባል። እማይ ያን ሽታ አይወዱትም ነበር። እኔ ለምጄው፣ ኋላ ደግሞ ወደድኩት።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ምሳ ከተበላ በኋላ ሁለታችን ገብተን በሮቿን እንዘጋለን። እሱ መሪውን ይይዛል። እኔ ጭኔ ላይ የባቄላ እሸት ዘርግፌ እየፈለፈልኩ አጎርሰዋለሁ። ያን ጊዜ ነው የምናወራው፤ ሳምንቱን ሙሉ ያጠራቀምነውን። እማይ በረንዳቸው ላይ ሆነው ይጮሃሉ፤

«እናንተ! ያለ ሞተር የት ደረሳችሁ?»

«ወረታ ገብተናል እማይ! ሙቀቱ አይቻልም!»

«እንግዲያ ሩዝ ይዛችሁልኝ ኑ!»

ሞተር የገባላት ዕለት የምናደርገውን ተስማምተን ጨርሰን ነበር። በየእሁዱ ጉና ተራራ ሥር ድረስ ሄደን ብርዱን ቀምሰን እንመለሳለን። ከኋላ ማንም አይቀመጥም። ይህን ምሎልኛል።

ችግሩ ዕቃው ነው። ቸርኬውም፣ ካምቢዮውም፣ የሚገኘው ባሕር ዳር ነው። ጌታነህ በአውቶቡስ ሲያመላልስ ቆይቶ፣ አንድ ቀን ከካምቢዮው የፈሰሰ ዘይት የአንዲት ሴትዮ ነጠላ አበላሸና ረዳቱ፣ «መምህር፣ እኛ የምንጭነው ሰው ነው ብረት?» ብሎ ከለከለው። በዚያው ሰሞን አንድ የባሕር ዳር መካኒክ ደህና የቮልስ ሞተር እንዳገኘለት፣ እስከ ገና ብቻ እንደሚያቆይለት ላከበት። ሞተር ደግሞ በአውቶቡስ አይመጣም። ባሌ ዕቃ መጫኛ ሌላ መኪና ያስፈልገኛል ብሎ ቆረጠ። ቮልሷን ለማስነሳት ሌላ መኪና መግዛት ለሰው ሁሉ የእብድ ሥራ ነበር። ለእኔ ግን አልነበረም።

በከተማችን አንድ የእህል ነጋዴ ፒክአፑን ይሸጣል ሲባል ሄደን አየናት። ሰፊ ናት፣ ብርቱ ናት።

«ለምንድን ነው የምትሸጣት?» አለው ጌታነህ።

«እውነቱን ልንገርህ መምህር? እሷስ ደህና ናት። ሰው ነው የሰለቸኝ። ቅዳሜ ለቅሶ፣ እሁድ ሠርግ፣ ሰኞ በሽተኛ። እምቢ ብትል ሰው ይቀየምሃል፤ እሺ ብትል ነዳጁ ያንተ፣ ጎማው ያንተ። ከሸጥኳት በኋላ በእግሬ እየሄድኩ እንቅልፌን እተኛለሁ።»

ጌታነህ ሳይገዛት ተመለስን። ማታ እማይ፣ «ታዲያ ገዛሃት?» ሲሉት፣ «እማይ፣ ፒክአፕ ብገዛ የእኔ አትሆንም፤ የእድሩ ነው የምትሆን» አላቸው።

«ብትሆንስ? ሰው የማይጭን፣ እህል የማይጭን ምኑን መኪና ሆነ?»

«ልክ ብለዋል። እኔም የምፈልገው እሱን ነው።»

እማይ ወደ እኔ ዞረው፣ «ይኸ ልጅ ጤናም የለው» አሉ። እኔ ግን ገብቶኛል። ሌላው ሰው መኪና ሲገዛ ምን ትጭናለች ብሎ ይጠይቃል፤ ባሌ ምን አትጭንም ብሎ ነበር የሚፈልገው። ሞተር የምታስገባ፣ ሙሽራ የማታሳፍር። ካምቢዮ የምትሸከም፣ በሽተኛም ሬሳም የማይተኛባት።

እንዲህ ያለችው አንበሳሜ ተገኘች። ድሮ ለዳቦ ቤት ዳቦ ታዞር የነበረች ትንሽ መኪና ናት፤ ከፊት ሁለት ወንበር፣ ከኋላ አጭር የላሜራ ሳጥን። ጥቅምት ነበር፤ የገበያ ቀን። ቅቤውና ማሩ መንገዱን ሞልቶታል። ባለመኪናው ከአንዲት ሴትዮ የተቀቀለ ድንች በአዋዜ ገዝቶ እየጋበዘን ተከራከርን። ጌታነህ ወገቡን አጉብጦ ሳጥኑን በክንዱ ለካ፤ ከዚያ ቀና ብሎ ዓይኔን ዓይኔን እያየ ፈገግ አለ። ሞተር ይገባል፤ ሰው አይገባም ማለቱ ነው። ቀብድ ሰጠን፤ ዋስ ጠራን፤ ለመካኒክ እናሳያት ብለን ይዘናት ወጣን።

ያችን መንገድ እስካሁን እመለስባታለሁ። ጤፉ አዘርዝሯል፤ አደይ አበባው ገና አልረገፈም። የመኪናዋ ሆድ ዳቦ ዳቦ ይሸታል። ጌታነህ በየመታጠፊያው ጥሩምባ ይነፋል፤ ሰው ስላለ አይደለም፣ ደስ ብሎት ነው። ዞር ብዬ ወደ ኋላ አየሁ። ማንም አልነበረም። ከተጋባን ወዲህ የሚሄድ ነገር ላይ ብቻችንን ስንሆን የመጀመሪያችን ነበር።

አንድ ዳገት ሥር ቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎች መንገዱን ዘግተው እጃቸውን አወዛወዙ። በሬ ጥሎት ዳሌው የተሰበረ ገበሬ ነው የያዙት፤ ወደ እኛው ከተማ፣ ወደ ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት። ላብ አጥምቋቸዋል። ከመካከላቸው ሸበቶው ሰውዬ የኋላ በሯን ከፍቶ አየና፣ «ጉድ በል! ይቺ መኪና ናት የዶሮ ቤት?» አለ። አንዳቸውም አልሳቁም።

ሊያስገቡት ሞከሩ። እግሩ ሲታጠፍ በሽተኛው እስካሁን ከጆሮዬ ያልጠፋ ጩኸት ጮኸ። ጌታነህ ላብ በላብ ሆኖ ኪያቤውን አወጣና እኔ የተቀመጥኩበትን ወንበር ፈታታው። ወንበሬን አውጥቶ ሣሩ ላይ አስቀመጠ። ሰውየውን ጭንቅላቱን ወደ ሳጥኑ፣ እግሩን ወደ ፊት አድርገው አጋደሙት፤ እንደዚያም ሆኖ ቀጥ ብሎ አልተዘረጋም። «አለሜ፣ ከእነሱ ጋር ነይ» ብሎኝ ሄደ።

እኔ ከተሸካሚዎቹ ጋር ቀረሁ። ባዶውን ቃሬዛ አንስተው ወንበሩን ላዩ ላይ ጫኑት። ሸበቶው፣ «ይቀመጡበት እመቤት፣ ትከሻችን ለምዷል» ሲለኝ ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ጥቂት እንደሄድን ግን ያው ሰውዬ አጠገቤ መጥቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ባልዎ ደግ ሰው ነው። ግን እንዲህ ያለች መኪና ምን ብሎ ገዛ? ለሰው የማትሆን።»

ዳገቱን ሁሉ ወንበሬን ከፊቴ በሰው ትከሻ ላይ እያየሁ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ ጌታነህ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። እማይ ያቀረቡለትን አልነካም። ሰውየውን ሐኪም ቤት ተቀብለውታል፤ ይድናል ብለውታል። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«በየጉድጓዱ ይጮሃል አለሜ» አለኝ። «በየጉድጓዱ። እኔ አስቤበት ነው የገዛኋት። ሰው እንዳይተኛባት ብዬ በክንዴ ለክቼ።»

በዚያ ሳምንት የዳቦዋን መኪና መለሰና የነጋዴውን ፒክአፕ ገዛ። ነጋዴው ቁልፉን ሲሰጠው፣ «እግዜር ያጽናህ መምህር» ብሎ ሳቀበት ይባላል።

ሞተሩን የፊታችን ቅዳሜ አመጣለሁ አለኝ። ቅዳሜ ቀብር ሆነ። በሚቀጥለው ለአንድ የቅኔ መምህር ዓመታዊ ቀለብ መውሰድ ነበረበት፤ ከዚያ ወዲያ አጨዳው ገባ፣ ውቂያው ገባ፣ ሠርጉ ገባ። ገናም አለፈ፤ መካኒኩ ሞተሩን ለሌላ ሰው ሰጠው። ጌታነህ ይህን ሲነግረኝ ምንም እንዳልሆነ ሰው ነበር። ቮልሷ ውስጥ ዶሮዎች ይፈለፍሉ ጀመር፤ እሁድ እሁድ እኛም መግባት ተውን። መቼ እንደተውን እንኳ ትዝ አይለኝም። የሚያስቆጨኝ እሱ ነው። የሆነ ቀን የመጨረሻዋ እሁድ ነበረች፤ እኔ እሸቴን ፈልፍዬ ጨርሼ፣ በሩን ከፍቼ፣ ዝም ብዬ ወረድኩ።

ፒክአፗን እስኪሞት በእጁ እያደሰ አኖራት። እኔ ስሄድባት ሁልጊዜ በእኔና በእሱ መካከል ሰው አለ፤ ሙሽራ፣ ዲያቆን፣ ሕፃን የታቀፈች ሴት። ብቻችንን ስንሆንባት የመጀመሪያው ባለፈው ክረምት ነው። ጎረቤታችን እየነዳ ወደ ባሕር ዳር ሐኪም ቤት ስንወስደው፣ ጌታነህ ከኋላ ፍራሽ ላይ ተኝቶ፣ እኔ ሸራው ሥር አጠገቡ። ዝናቡ ከላያችን ይወርዳል።

«አየሽ» አለኝ፤ ሊያስቀኝ ፈልጎ ነው። «የዳቦዋ ብትሆን ኖሮ አትዘረጋኝም ነበር።»

እጁን ያዝኩት። እኔ ተቀምጠን የምንሄድባትን ነበር የፈለግሁት ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። በዚያ ሁኔታው ምን ይሆነዋል ብዬ ዋጥኩት። አሁን ብለው ኖሮ እላለሁ። ምናልባት እሱም እንደኔው ይፈልግ እንደነበር ይነግረኝ ነበር።

ተሳስቶ ነበር ልል አልችልም። ከጫናቸው ሰዎች ሁሉ አንዱን መርጬ ይኸኛው በቀረ የምለው የለኝም። ቢሆንም የሐዘን ነገር በሚዛን አይደለም። ሰዎች መጥተው ደግነቱን ሲነግሩኝ ደስ ይለኛል፤ ሲወጡ ደግሞ የእኔን ድርሻ ይዘውብኝ የሄዱ ይመስለኛል።

የጋፋቱ ሰው ሊሄድ ሲነሣ መኪናዋን ለምን ፈልጓት እንደነበር ጠየቅሁት።

«ይቅር እትዬ። በዚህ ሐዘን ላይ ምን ብዬ?»

አልለቅ ስለው ነገረኝ። ወንድ ልጁን በሚያዝያ ድሮታል። ሙሽሮቹ እስካሁን ከእሱ ጋር ናቸው፤ ቤቱ ደግሞ ጠባብ ነው፣ ልጆቹም ብዙ ናቸው። ጎጆ ሊያወጣቸው እንጨቱን አቁሞ ጨርሷል፤ ቆርቆሮው ብቻ ከተማ ቀርቶበታል።

«መቼ ነበር ያሰብከው?»

«ጋሼ ከፈቀዱ የሚመጣው ሳምንት ብዬ ነበር።»

ተነሥቼ ቁልፉን ከግድግዳው አወረድኩ፤ ጎረቤታችንንም እንዲነዳለት ጠራሁት።

«የሚመጣው ሳምንት አይሆንም» አልኩት። «ዛሬውኑ ጫን። እሁድ ሳይደርስ ክደንላቸው።»