የታሰረው ግራ እግር

ዚግሙንት ቭሩብል ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በዲትሮይት አዳዲስ መኪኖችን የሚፈትን ሾፌር ነበር። ማርሽ ሲቀይር ከኋላ የተኛ ሰው እንኳ አይነቃም። ሹፍርናን ያገኘው በፋብሪካው ብረት ማቅለጫ ውስጥ ዓመታት አቧራ ከዋጠ በኋላ ነው። አብሮት የገባው ወንድሙ ግን ከዚያ የወጣው በሬሳ ሣጥን ነበር።

ኋላ ማርሹን በራሱ የሚቀይር ካምቢዮ መጣ። መኪናው በግራ እግር የሚረገጠው ፍሪሲዮን የለውም፤ በቦታው ሰፊ የፍሬን ፔዳል ተዘርግቷል። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማድ እንዲሉ፣ የዚግሙንት ግራ እግር ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ፍሪሲዮን የረገጠ መስሎት ፍሬኑን ይደቁሳል። አጠገቡ የሚቀመጠው አለቃው ታኬትም መስተዋቱን በግንባሩ ይሳለማል።

ታኬት አንድ ቀን እብጠቱን እየደባበሰ ቀበቶውን ፈታና የዚግሙንትን እግር ከመቀመጫው ጋር ጠፈነገው።

«ዓርብ ትልልቆቹ ሰዎች ይሳፈራሉ። አንዴ ብትረግጥ ወደ ማቅለጫው ነህ፤ በሩን መቼም አታጣውም።»

«ሱሪህስ ታኬት? መንገድ ላይ እንዳይከዳህ!»

«የሱሪዬን ነገር ለኔ ተወው። አንተ እግርህን ያዝ!»

ማታ ደግሞ ሚስቱ ብሮኒያ እግሩን በሻርፗ ከወንበሩ ጋር አስራ የጎመን ሾርባውን ታቀርብለታለች።

«እግርህ ቤት ይዋል ብዬ ስንት ዘመን ለመንኩህ! ለካ ማሰር ኖሯል መድኃኒቱ።»

ዓርብ ዕለት እግሩ ሳይታሰር አደብ ገዛ። መኪናው ዳገቱን ሲወጣ ማርሹ ማንም ሳይነካው ተቀየረ፤ የሚስተር ሎውደን የሲጋራ አመድ እንኳ አልረገፈም። እኚህ ሰው የፋብሪካው የበላይ ናቸው።

«ግሩም ነው! ለመሆኑ አንተ አሁን ምን እየሠራህ ነው?»

«ምንም፣ ጌታዬ» አለ ዚግሙንት በኩራት።

ነገሩ የገባው ቃሉ ካመለጠው በኋላ ነው። ቢረግጥ ማቅለጫው ይጠብቀዋል፤ ባይረግጥ ደግሞ ሾፌር እንደማያስፈልግ ራሱ መሰከረ። ከፊት ገደል፣ ከኋላ ገደል። ፍሬኑ እዚያው እግሩ ሥር ነበር። አልረገጠውም፤ የሚስተር ሎውደንን ሲጋራ ከአፋቸው ማስጣል ከሙያው ክብር በታች ሆነበት።

ሰኞ ታኬት ዓይኑን እያሸሸ ቀረበው። «ከእንግዲህ የቢሮ ጸሐፊዎች በየተራ ይንዱት ተባለ። ማንም ይችለዋል አሉ።»

«እኔስ?»

ታኬት ቀበቶውን ከፍ አድርጎ በአገጩ ወደ ማቅለጫው አመለከተው።

ዚግሙንት በሩን አላጣውም። ቀኝ እግሩ ደፉን ተሻግሮ ወደ ሙቀቱ ገባ፤ ግራው ግን፣ ማንም ሳያስረው፣ ውጭ ቆሞ ቀረ።